ሮማ ስንት ብልት ናት?

የምዕራብ ሮምን ግዛት ማስተዳደር የጀመርኩት ውሃ ስጠብቅ ነው።

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ እኛ ብሎክ፣ ውሃ በፈረቃ ነው። በፈረቃው ቀንም ቢሆን እንደ ሌባ ሌሊት ነው የሚመጣው። አራተኛ ፎቅ እስኪደርስ ደግሞ ከታች ያሉት ሞልተው፣ አጥበው፣ ምንጣፋቸውን ሳይቀር ፈትገው መጨረስ አለባቸው። ስለዚህ ከየቤቱ አንድ ሰው ነቅቶ ያድራል። ከእኛ ቤት ያ ሰው እኔ ነኝ። ቧንቧውን ከፍቼ፣ ባልዲውን ከሥሩ አስቀምጬ ቁጭ። ቧንቧው መጀመሪያ እንደ ሽማግሌ ይተነፍሳል፤ ቀጥሎ ያስላል፤ ከዚያ ወይ ይተፋል ወይ ይተወዋል።

ይህን ያየ የእህቴ ልጅ አዘነልኝና በአሮጌው ላፕቶፔ ላይ አንድ ጨዋታ ጫነልኝ። “ቶታል ዋር፦ አቲላ” ይባላል፤ በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣ ነው። “ጋሼ፣ በምሥራቅ ሮም ጀምር። ምዕራቡ ለለመደ ሰውም ይከብዳል” ሲል መከረኝ። እኔም እንደ ልማዴ ምክሩን አመስግኜ በምዕራቡ ጀመርኩ።

ሌሎች ጨዋታዎች ከአንዲት ጎጆ አስነስተው ቤተ መንግሥት ያደርሱሃል። ይሄኛው ቤተ መንግሥቱን ገና በመግቢያው ያስረክብህና ጎጆህን እንዳታጣ ሲያሯሩጥህ ያድራል። ዘመኑ 395 እ.ኤ.አ. ነው፤ በእኛ 387 ዓ.ም.። ታላቁ ቴዎዶስዮስ በጥር ወር ሚላኖ ላይ ዐርፏል። ምሥራቁ ለአርቃዴዎስ፣ ምዕራቡ ለአኖሬዎስ ደርሷል። አኖሬዎስ ማለት እኔ ነኝ፤ ዕድሜዬ 10 ዓመት ነው። ስንክሳር የሚሰማ ሰው የእነዚህን ልጆች መምህር ያውቃቸዋል፤ አባ አርሳንዮስ ናቸው፣ ቤተ መንግሥቱን ትተው ግብፅ በረሃ የመነኑት። ለጽድቅ ብለው መሆኑ አይካድም። ሆኖም የተማሪዎቹን ሥራ በኋላ ሳየው በረሃው ለእረፍትም ሳያገለግላቸው አልቀረም እላለሁ።

ግዛቴ ከብሪታንያ እስከ ሰሜን አፍሪካ ተዘርግቷል። ካርታው ላይ ሲታይ ደስ ይላል፤ ቀረብ ሲሉት እያንዳንዱ ከተማ አቤቱታ አለው። አንዱ እህል የለኝም፣ ሌላው ግብር በዛብኝ፣ ሦስተኛው ሃይማኖቴ ተነካ። ጨዋታው ቆሻሻን ሳይቀር ይቆጥራል። ከተማው ሲያድግ ቆሻሻው ይከማቻል፤ ሲከማች በሽታ ይገባል፤ መድኃኒቱ ደግሞ የውሃ መስመር መዘርጋት ነው! ውሃ እየጠበቅሁ ልዝናና ብዬ የተቀመጥኩ ሰውዬ፣ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ ለጎል ከተሞች ውሃ ሳስገባ ራሴን አገኘሁት። ባልዲዬ ከጎኔ ባዶውን አፉን ከፍቶ ያየኛል።

እዚህ ላይ ሥልጣኔን መግለጽ ይኖርብኛል። የብሎካችን ኮሚቴ ገንዘብ ያዥ ነኝ። ጠቅላላ ስብሰባ ላይ ዘግይቼ ስለደረስኩ ነው የተመረጥኩት። ያልመጣ ጸሐፊ፣ የዘገየ ገንዘብ ያዥ ይሆናል፤ ሊቀመንበር የሚሆነው ወንበር ይዞ የመጣ ነው። የጥበቃ ደሞዝ፣ የደረጃ አምፖል፣ የውሃ መግፊያ ሞተር፣ የቆሻሻ፣ ሁሉም በእኔ ደብተር ያልፋል። ምድር ቤት ያሉት “ውሃ ያለ ሞተር ይደርሰናል፣ የሞተር መዋጮ በየት በኩል?” ይላሉ። አራተኛ ፎቅ ያለነው ደግሞ “ቆሻሻው የሚሸተው ታች ነው” እንላለን። እንላለን ስል እኔም አለሁበት።

ጨዋታው አንዲት ምልክት አለችው፤ ስትነካት አንድ ጠቅላይ ግዛት ከግብር ነፃ ይወጣል። ሕዝቡ ወዲያው ይረጋጋል። ዘዴዋን ወደድኳት። በሚቀጥለው ስብሰባ ምድር ቤቶቹን ከሞተር መዋጮ ነፃ አወጣኋቸው። ጭብጨባው ሳይበርድ አንደኛ ፎቆች፣ “እኛም እኮ ጠዋት ጠዋት ያለ ሞተር ይደርሰናል” ብለው ተነሡ። በሁለት ወር ውስጥ ሞተሩን የሚከፍሉት ሞተሩ ሲበላሽ የሚጮኹት ብቻ ሆኑ። ሮም ውስጥም እንዲሁ ነበር የሆነብኝ። ያላመፀውን እየቀጣሁ ያመፀውን ስሸልም፣ ያላመፀው “ታዲያ ለምን አላምፅም?” አለ። በእውነተኛው ታሪክ የምዕራቡን ግዛት ወገቡን የሰበረው በ439 እ.ኤ.አ. ካርታጎ በቫንዳሎች እጅ መውደቋ ነው፤ የሰሜን አፍሪካ እህልና ግብር ከካርታጎ ጋር ሄደ። እኔ ካርታጎን ማንም ሳይነካት በራሴ ቸርነት ጨረስኳት።

የእህቴ ልጅ በቴሌግራም የላክሁለትን የግዛቴን ፎቶ አየና ደወለ።

“ጋሼ፣ ብሪታንያን ተዋት።”

“ምን ማለት ነው ተዋት?”

“ሕንፃዎቹን አፍርስና ብሩን ውሰድ፤ ሠራዊቱን ወደ ጣልያን ሰብስብ። በምዕራብ ሮም የሚያሸንፈው ቶሎ መተው የሚችል ሰው ነው።”

ልጁ ልክ ነው። እኔ ግን ክዳኑ የጠፋ ጀሪካን እንኳ አልጥልም። በረንዳዬ ላይ ዛሬ ሶኬቱ የማይገኝለት ቴፕ፣ እጀታው የተሰበረ ጀበና፣ ከጨርቆስ ስንለቅ “ይጠቅማል” ብዬ ያመጣሁት ግማሽ በር አለ። በር! ይህን ሰውዬ ነው ብሪታንያን ተው የሚሉት። አልተውኳትም። ለብሪታንያ ጦር ላክሁ፤ ለብሪታንያ የላክሁት ከራይን ወንዝ ጥበቃ የነሣሁት ነበር። በእውነተኛው ታሪክ ቫንዳሎችና አላኖች ራይንን የተሻገሩት በ406 እ.ኤ.አ. የዓመቱ መጨረሻ ቀን ነው። በእኔ ዘመን እስከዚያም አልጠበቁም፤ ቀድመው መጡ።

“ለምን በአክሱም አትጫወትም?” የሚል ሊኖር ይችላል። አስቤዋለሁ። አክሱም ጨዋታው ውስጥ ገብታለች፤ ግን በ2016 እ.ኤ.አ. ከሂምያርና ከታኑኪዶች ጋር ለብቻ በሚሸጥ ተጨማሪ ጥቅል ነው። ሮምን ከነመከራዋ በመደበኛ ዋጋ ይሰጡሃል፤ የገዛ አገርህን ግን ጨምረህ ክፈል ይሉሃል። ይህን ለባለቤቴ ስነግራት አልገረማትም። “ኤክስፖርት ቡናስ እንዲሁ አይደል?” ብላ ወደ ሥራዋ ዞረች።

ስለ ሰፈራችን ሳልናገር አላልፍም፤ ሰው ስሙን ሲሰማ ይሳሳታል። ቱሉ ዲምቱ በኦሮምኛ ቀይ ኮረብታ ማለት ነው። ባሌ ውስጥ 4,377 ሜትር ከፍታ ያለው ስመ ጥር ተራራም ቱሉ ዲምቱ ይባላል፤ አንዱ ዘመዴ አድራሻዬን ስነግረው “ብርዱን እንዴት ቻልከው?” ብሎኛል። የእኛው አቃቂ ቃሊቲ ነው። ስሙ ቀይ ይበል እንጂ ክረምት ላይ ጫማዬ የሚያውቀው ጥቁሩን መረሬ ጭቃ ብቻ ነው፤ አንድ እግር ሲያነሡ ግማሽ ማሳ አብሮ ይነሣል። ወደ አዳማ የሚወስደው የፍጥነት መንገድ የሚነሣው ከእኛ ነው። መንገድ ሁሉ ወደ ሮም ይወስዳል ይባላል። የእኛው ወደ አዳማ ይወስዳል፤ ለዚያውም አስከፍሎ። ሮማውያን መንገድ ሲሠሩ ሰው ወደ እነሱ እንዲመጣ ነበር፤ እኛ ጋ ግን መኪናው ሁሉ በአጠገባችን በጥሶ ያልፋል። የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆመን በዓይናችን እንሸኘዋለን።

ወደ ጉዳዬ ልመለስ። ትልቁን ጥፋት የሠራሁት ሮም ውስጥ ሳይሆን ብሎካችን ውስጥ ነው።

አንድ ቧንቧ ሠሪ ነበረን። የሚኖረው አጠገባችን ካለው ብሎክ ነው፤ የእኛን ሞተር፣ ሮቶና ቫልቭ የሚያውቀው ግን እሱ ብቻ ነበር። አንድ ቀን “ጉርሻ ለሚሰጡት ነው ውሃ የሚለቀው” የሚል ወሬ ተነሣ። ማን እንዳየ አይታወቅም፤ ሁሉም ግን ሰምቷል። ኮሚቴው ተሰብስቦ አሰናበተው። እኔም እጄን አወጣሁ። በሁለተኛው ሳምንት ሞተሩ ዝም አለ። ታች ወርደን የብረቱን ሳጥን ስንከፍት 7 ቫልቭ አገኘን፤ የትኛው ወዴት እንደሚሄድ የሚያውቅ አልነበረም። ሊቀመንበሩ አንዱን አዞሩ፣ የምድር ቤት እማማ መጸዳጃ ቤት ጎረፈ። ሰውየው በዚያው ሰሞን የአጎራባቹን ብሎክ ሞተር ያዘ። እነሱ አራተኛ ፎቅ ላይ አበባ ማጠጣት ጀመሩ። ሆን ብለው በረንዳ ላይ ነው የሚያጠጡት።

ይህ ከሆነ በኋላ ነው ስለ ስቲሊኮ ያነበብኩት። በአባቱ ቫንዳል ነው፤ ለአኖሬዎስ ግዛቱን ደግፎ የያዘለት የጦር አለቃ እሱ ነበር። ከጎቶቹ ንጉሥ ከአላሪክ ጋር ይሻረካል ተብሎ ተወራበትና በ408 እ.ኤ.አ. ነሐሴ ላይ ተገደለ። በየከተማው ደግሞ የባዕዳን ወታደሮች ሚስቶችና ልጆች ታረዱ። ወታደሮቹ በብዙ ሺህ ሆነው ወደ አላሪክ ገቡ። አላሪክም ሮምን ከበበና ሂሳቡን አቀረበ፦ 5,000 ሊብራ ወርቅ፣ 30,000 ሊብራ ብር፣ 4,000 የሐር ቀሚስ፣ 3,000 ቀይ የተነከረ ቆዳ፣ እንዲሁም 3,000 ሊብራ ቁንዶ በርበሬ።

ቁንዶ በርበሬው ላይ ስደርስ ባለቤቴ ቀና አለች። “ስንት ይሆናል በእኛ?”

አሰላሁት። “10 ኩንታል ሊሞላ ትንሽ ይቀረዋል።”

“ለዓመት በዓል ነው?” አለችኝ።

ቀልዷ መስሎኝ ሳቅሁ። በኋላ ቀኑን ስቆጥር ግን ሳቄ ቆመ። አላሪክ ሮም የገባው በአሮጌው የሮማውያን ቀን አቆጣጠር ነሐሴ 24 ቀን 410 ነው። ያ አቆጣጠር ከእኛው ጋር ሲገጥም ያ ዕለት ጳጉሜን 1 ቀን 402 ዓ.ም. ይሆናል። ጎቶቹ ሦስት ቀን ዘረፉ። እነሱ መስከረምን አያውቁትም እንጂ፣ የዘመን መለወጫ ገበያቸውን ጨርሰው ነው የወጡት።

አኖሬዎስስ? አኖሬዎስ ሬቨና ነበር፤ ረግረግ የከበባት፣ ጠላት የማይደርስባት ከተማ። ፕሮኮፒየስ የሚባለው የ6ኛው ክፍለ ዘመን ጸሐፊ እንደሚተርከው፣ የዶሮዎቹ ጠባቂ ገብቶ “ሮም ጠፋች!” አለው። ንጉሡ “እንዴት! አሁን ከእጄ በልታ!” ብሎ ጮኸ፤ ሮም የምትባል ትልቅ ዶሮ ነበረችው። ሰውየው ከተማዋን ማለቱ እንደሆነ ሲያስረዳው ንጉሡ ተንፈስ አለ። ታሪክ አዋቂዎች ነገሩን ብዙም አያምኑትም። እኔ ግን አምናለሁ፤ ኮሚቴ ውስጥ ሠርቼ አይቻለሁ።

ይህን ታሪክ እራት ላይ ያወራሁት ጳጉሜን 1 ቀን ነው፤ ባለቤቴ ለእንቁጣጣሽ ዶሮ የገዛችበት ዕለት። ልጃችን ማሙሽ አፉን ከፍቶ ሰማኝና ሄዶ በረንዳ ላይ ከግማሹ በር ጋር የታሰረችውን ቀይ ዶሮ “ሮማ” አላት። ከዚያ ወዲያ ከእጁ በቀር አትበላም፤ ወይም እሱ እንደዚያ ይላል።

“አየህ የሠራኸውን?” አለች ባለቤቴ። “አሁን ማን ሊያርዳት ነው?”

ወሬ ለመለወጥ ያህል ዲዮቅልጥያኖስን አነሣሁ። በእኛ ዘንድ ስሙ የሚነሣው ሰማዕታትን በማስገደሉ ነው፤ እሱ ግን ግዛቱ አልያዝ ሲለው ጠቅላይ ግዛቶቹን ሰብስቦ ለ12 ትላልቅ ክፍል ያደራጀ ሰውም ነው።

“12?” አለች። “እንደ ዶሮ?”

ደነገጥኩ። ስንት መጽሐፍ አገላብጬ ይህ አልታየኝም ነበር። “እንደ ዶሮ” አልኳት።

“ብልቱን ካወጣ በኋላ ምን ሆነ?”

“በ305 እ.ኤ.አ. በፈቃዱ ከዙፋኑ ወረደ። በኋላ ተመለስ ቢሉት፣ በእጄ የተከልኩትን ጎመን ብታዩ እንዲህ ባላላችሁኝ አለ ይባላል።”

“ጎመን በጤና” አለች ባለቤቴ። “አንተስ መቼ ነው የምትወርድ?”

መውረዴ አልቀረም፤ ጳጉሜን 4 ሌሊት ወረድኩ፣ በደረጃ። የውሃ ፈረቃችን ቀን ነበር። ሮም ተከባለች። ቪሲጎቶቹ በር ላይ ናቸው፤ ያለኝ ሠራዊት ብሪታንያ ነው። በጨዋታው ዓመት አራት ዙር አለው፤ ከተማዋ ስንት ዙር እንደምትቆይ በጣቴ እቆጥራለሁ። ማሙሽ ለሽንት ተነሥቶ ነበር፤ ከበረንዳው በኩል ጮኸ።

“አባዬ! ሮማ የለችም!”

“አለች፣ አለች” አልኩ ዓይኔን ከላፕቶፑ ሳልነቅል። “ስንቅ አላት፤ ሁለት ዙር ትቆያለች።”

“ገመዱ ብቻ ነው ያለው!”

“የምን ገመድ?”

አኖሬዎስ ከተማዋን ሲሉት ዶሮዋ መሰለችው። እኔ ደግሞ ዶሮዋን ሲሉኝ ከተማዋ መሰለችኝ። ከ1,600 ዓመት በኋላ፣ ቱሉ ዲምቱ ላይ፣ ስህተቱ ተገልብጦ ተደገመ። ይህን ላደንቅ ስል መብራት እልም አለ። የላፕቶፔ ባትሪ ከሞተ ዓመት አልፎታል፤ ምዕራብ ሮም በዚያች ቅጽበት ጨለመች።

በስልኬ ባትሪ አራት ፎቅ ወረድኩ። ጥበቃው ጋቢያቸውን ሰብስበው ከሳጥናቸው ብቅ አሉ።

“ኢንጂነር፣ ምን ጠፋ?” ላፕቶፕ ያለው ሰው ሁሉ ለእሳቸው ኢንጂነር ነው።

“ሮማ ጠፋች፣ አባባ!”

ደነገጡ። “ወይኔ! የስንት ዓመት ልጅ ናት?”

እስካስረዳቸው ድረስ ሦስት መስኮት ተከፍቷል። ውሃ ሲጠብቅ ያደረ ብሎክ ሁሉ ንቁ ነው፤ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ግማሹ ሰው ባልዲውን እንደያዘ ግቢው ውስጥ “ሮማ! ሮማ!” ይላል። ዶሮ በስሟ እንደማትጠራ የሚያውቁት የምድር ቤት እማማ ብቻ ነበሩ፤ እሳቸው “ኩት ኩት ኩት” እያሉ በጋራ መጠቀሚያው ሕንፃ ዙሪያ ሄዱ።

ያገኛት ቧንቧ ሠሪው ነው። ከአጎራባቹ ብሎክ ብቅ አለ፣ በአንድ እጁ የእጅ ባትሪ፣ በብብቱ ሮማ። ሞተራቸው አጠገብ ሙቀት ፈልጋ ተኮራምታ ነበር። አስረከበኝና ቆመ። እኔም ቆምኩ። ምን ይባላል?

“ቫልቩን ማነው እንዲህ ያጠበቀው?” አለ ወደ ሳጥናችን እያየ።

ሊቀመንበሩ ወደ ሰማይ አዩ። ሰውየው ጎንበስ ብሎ ሦስተኛውን ወደ ግራ፣ ስድስተኛውን ወደ ቀኝ አዞረ፤ አንድ ቦታ ላይ በመፍቻ መታ። መብራቱ ተመልሶ ሞተሩ ሲነሣ ከላይ ከአራተኛ ፎቅ ባለቤቴ “መጣ! መጣ!” ስትል ተሰማ።

አላሪክ ሮምን ሳይዝ በፊት ደጋግሞ የጠየቀው ሹመት ነበር፤ አኖሬዎስ ከለከለው። ይህን የማውቅ ሰው ስለሆንኩ ፈጥኜ “ምን ይደረግልህ?” አልኩት። ቀርቶበት የነበረውን የአንድ ወር ደሞዝ፣ ከእንቁጣጣሽ ቅርጫ አንድ መደብ፣ እና ያ ወሬ ውሸት እንደነበር በስብሰባ እንዲነገርለት ጠየቀ። ሦስቱንም እሺ አልኩ። ካዝናው ውስጥ ያለውን እኔ ነኝ የማውቀው፤ ለጊዜው እሺታዬ ብቻ ነው ያለው። ምድር ቤቶቹ በዚያ ሌሊት ፊት ለፊቴ ስለነበሩ የሞተር መዋጮ ነፃነታቸውን እዚያው አነሣሁ። የሚያንገራግር አልነበረም፤ መጸዳጃ ቤታቸው የጎረፈባቸው እማማ ከጎኔ ቆመው ነበር።

ወደ ሮም የተመለስኩት በማግስቱ ነው። ጨዋታው ከአንድ ዙር በፊት በራሱ ካስቀመጠው ጀመርኩ፤ ከበባው ገና ነው። ብሪታንያን ከፈትኩ። ሕንፃዎቹን አንድ በአንድ አፈረስኩ፣ ብሩን ወሰድኩ፣ ሠራዊቱን መርከብ ላይ ጫንኩ። በሩን ግን አልጣልኩትም፤ ሮማ ታስራበታለች።

ጳጉሜን 5 ከሰዓት ባለቤቴ ከመንገድ ዳር ነጭ ዶሮ ገዝታ መጣች። እግሯ እንደታሰረ ኩሽና በር ላይ አስቀመጠቻት። ማሙሽ ጎንበስ ብሎ ሊያያት ሲል ቢላዋዋን እየሳለች፣ ቀና ሳትል፣

“ይቺን ስም የሚያወጣላት” አለች፣ “ከዚህ ቤት ይወጣል። አባትህንም ጨምሮ።”